ከዴርዴቪል ዘመናት የትኛውን እንግዛ?

ማርቭል የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ የሚያወጣውን የልዕለ ጀግና ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) የዴርዴቪልን ጥራዝ ከአራት ኪሎ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች የሚያገኝ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚያስመጣ አንባቢ፣ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጽሑፉ የማን እንደሆነ ነው። ከ1964 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ዓይነ ስውር ጠበቃ ብዙ ደራሲያን ተቀባብለውታል፤ ስሙና ቀይ ልብሱ አንድ ቢሆኑም፣ ከአንዱ ደራሲ ዘመን ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚያገኙት መጽሐፍ ፈጽሞ የተለየ ነው።

ፍራንክ ሚለር በ1979 በሠዓሊነት ጀምሮ በ1981 ከወጣው ከቁጥር 168 እትም አንሥቶ ድርሰቱንም ያዘ። ነፍሰ ገዳይዋን ኤሌክትራን የፈጠረው እርሱ ነው፤ ቀድሞ የስፓይደርማን ባላጋራ የነበረውን የወንበዴዎች አለቃ ኪንግፒንንም የዴርዴቪል ዋና ጠላት አደረገው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ለአንድ ቀጭን ጥራዝ ብቻ ለሚበቃው ሰው የምመርጠው፣ ሚለር በ1986 ተመልሶ ከሠዓሊው ዴቪድ ማዙኬሊ ጋር የሠራውንና ከቁጥር 227 እስከ 233 የሚዘልቀውን «ቦርን አጌን» ነው። በዚህ ታሪክ የማት መርዶክ (የዴርዴቪል እውነተኛ ስም ነው) የቀድሞ ፍቅረኛ ካረን ፔጅ በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተይዛ ምስጢራዊ ማንነቱን ትሸጣለች፤ ኪንግፒንም ስሙን ካወቀ በኋላ ጡንቻ ሳያነሣ የባንክ ሒሳቡን፣ የጥብቅና ፈቃዱንና ቤቱን አንድ በአንድ ይነጥቀዋል። የወደቀውን ሰው የምታስታምመው አንዲት መነኩሲት ናት። ስለ ውድቀት፣ ስለ ንስሐና ስለ ይቅርታ በዚህ ጥልቀት የተናገረ ሌላ የልዕለ ጀግና ኮሚክ አላነበብሁም፤ የትረካው ዓረፍተ ነገሮች አጫጭር ስለሆኑም እንግሊዝኛው ብዙ አያስቸግርም።

ከሚለር ቀጥላ ለዓመታት የጻፈችው አን ኖሴንቲ ከሚገባት በታች ትነበባለች። የዴርዴቪል ባላጋራ የሆነችውን ታይፎይድ ሜሪን የፈጠረች ስትሆን፣ በተጣለ መርዛማ ኬሚካል ዓይኑ ስለጠፋ ሕፃን የጻፈችው ታሪክ የዴርዴቪልን ትግል ከወንበዴዎች አልፎ ወደ ኩባንያዎች በደል ይወስደዋል። ገጸ ባሕርያቷ ስለ ዓመፅና ስለ ሕሊና ረጅም ክርክር ስለሚያደርጉ፣ ድርጊት ብቻ የሚሻ ገዢ ይሰላቻል።

ብራያን ማይክል ቤንዲስና ሠዓሊው አሌክስ ማሌቭ ከ2001 እስከ 2006 የሠሩት ደግሞ የሕግ ጉዳይ ለሚስበው አንባቢ የተሻለው ምርጫ ነው። አንድ ጋዜጣ ዴርዴቪል ማት መርዶክ መሆኑን ያትማል፤ ማት ግን በአደባባይ ክዶ ጋዜጣውን ይከሳል። እውነት የጻፈውን ጋዜጣ በሐሰት ለመክሰስ የሚደፍር ጠበቃ በፍርድ ቤት ለፍትሕ እቆማለሁ ማለት ይችላልን? የሕግ ትምህርት የሚማር ወዳጄ ጥራዙን ተውሶኝ በስድስት ኪሎ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ የተከራከርነው በዚሁ ነጥብ ላይ ነበር። የማሌቭ ሥዕል ጨለማና ሸካራ ነው፤ ምልልሱ ግን የኒው ዮርክ የመንገድ ንግግር በመሆኑ ከሚለር ይልቅ ይከብዳል። ገዢ በተለይ ሊያስተውል የሚገባው፣ የቤንዲስ ዘመን ማት እስር ቤት ሲገባ የሚያበቃ መሆኑን ነው። ቀጣዩ ደራሲ ኤድ ብሩቤከር ከሠዓሊው ማይክል ላርክ ጋር ታሪኩን የሚያነሣው ከዚያው እስር ቤት ውስጥ ነው። እኔ የብሩቤከርን ጥራዝ አስቀድሜ ገዝቼ የእስሩን ምክንያት ሳላውቅ ስላነበብሁት፣ ግማሽ ጣዕሙ ጠፍቶብኛል፤ ስለዚህ ሁለቱን በቅደም ተከተል መግዛት ይገባል።

ለታዳጊ ልጅ ወይም ለእኅት ስጦታ የሚፈልግ ሰው የማርክ ዌይድን ይውሰድ። ከ2011 እስከ 2015 የጻፈው ዌይድ የቀደሙትን ሐዘን ሳይክድ ለማት ፈገግታውን መልሶለታል። ፓውሎ ሪቬራ ዓይነ ስውሩ ጀግና አካባቢውን በድምፅ እንዴት እንደሚያስተውል በመስመሮች የሣለበት መንገድም ለዓይን ደስ ያሰኛል። ዌይድ በ2012 ለኮሚክ ሥራዎች የሚሰጠውን የአይስነር ሽልማት ያገኘው በከፊል በዚህ ሥራው ነው።

ቺፕ ዝዳርስኪ በ2019 የጀመረው የቅርብ ጊዜ ሥራ፣ ዴርዴቪል ሳያስበው አንድ ተራ ሌባ በመግደሉ ይከፈታል፤ ጥፋቱንም በሕግ ፊት ለመቀበል መወሰኑ ከ«ቦርን አጌን» በኋላ ሊነበብ የሚገባው ያደርገዋል።

ተከታታዩ ከ1998 ወዲህ ደጋግሞ ከቁጥር 1 እንደ አዲስ ስለተጀመረ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው «1» የታሪኩ መጀመሪያ ነው ማለት አይደለም፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የውስጡን ገጽ ገልጦ የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት ማየት ያስፈልጋል።