ለጅማው የኩላሊት እጥበት ክፍል፦ እግዜር ይስጥልን

አፌን ሞልቼ የማመሰግናቸው ሰዎች የሚሠሩት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ነርሶቹ፣ ሐኪሞቹ፣ ማሽኑን የሚጠግኑት ልጆች፣ ጽዳቶቹ ሳይቀሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዲት ሲስተር አለች። ስሟን ልጽፍ ነው ስላት "ብትጽፊ እንጣላለን" አለችኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ ሲስተር እላታለሁ። እዚያ የታከመ ሁሉ ማንን እንደምል ያውቃል።

ባለቤቴ ዛሬ በእህቱ ኩላሊት ነው የሚኖረው። ንቅለ ተከላው የተሠራለት አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። እዚያ ያሉትንም ውለታቸውን አንረሳም። ግን ሰው ሁሉ ስለ ጳውሎስ ይጠይቀኛል እንጂ ስለ ጅማ የሚጠይቀኝ የለም። "ጅማ ደግሞ ምን አለና!" ይሉኛል፤ ያውም የጅማ ልጆች። ቀዶ ጥገናው የሰዓታት ሥራ ነው። ባለቤቴን እስከዚያች ቀን በሁለት እግሩ ያቆሙት፣ ሰውነቱንም ኩላሊት ለመቀበል ያዘጋጁት የጅማዎቹ ናቸው። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ሳይነገር መቅረቱ ነው።

የበሽታውን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። ግፊት ነበረበት። ኪኒኑን ደህና ሲሆን ያቆማል፣ ራሱን ሲያመው ይጀምራል። ድካምና ማስመለስ ሲመጣበት አንድ ክሊኒክ ሄድን፤ ታይፎይድ ነው ተባለና መርፌ ተወጋ። አልተሻለውም። ታይፈስም ተጨምሮበታል ተባለ። መቼም እኛ ሀገር እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ማበጥ ሲጀምር ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድነው። እዚያ ደሙን አዩና ክሬቲኒኑ፣ ማለትም ኩላሊት ማጣራት የነበረበት ደም ውስጥ የቀረ ቆሻሻ ልኬት፣ ከ10 በላይ ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ ሰው ላይ 1 አካባቢ ነው የሚሆነው። በዚያው ቀን አንገቱ ላይ ቱቦ ገብቶለት እጥበት ጀመረ።

እጥበት ማለት ሰው እንደሚመስለው ሆድ ማጠብ አይደለም። ደሙ በቱቦ ይወጣል፣ ማሽኑ ላይ ባለች ማጣሪያ ያልፋል፣ ተመልሶ ይገባል። አንዱ ዙር 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በደንቡ በሳምንት 3 ጊዜ ነው። ስንትና ስንት ሰው ግን አቅም እያጠረው 2 ጊዜ ያደርጋል፤ አንዴ ብቻ የሚመጣም አይቻለሁ። ኩላሊት ሌት ተቀን የሚሠራውን ሥራ በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ማሽኑ ይሞክረዋል። የቀረውን የሚሞላው ታማሚው አፉ ውስጥ የሚያስገባው ነገር ነው። ሲስተር የምትለየውም እዚህ ላይ ነው።

ጅማ ሆኖ የኩላሊት ታማሚ መሆን ከባድ ነው። አቮካዶው፣ ሙዙ፣ ማንጎው በየበሩ ነው። እነዚህ ሁሉ ፖታሲየም አለባቸው። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀምና ልብን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። ይሄን ደግሞ ማንም ሳይነግርህ በአንድ ብርጭቆ የፍራፍሬ ጭማቂ ትሄዳለህ። ሌላ ቦታ የሰጡን ወረቀት ላይ ብሮኮሊ ምናምን የሚል ተጽፎበታል። ብሮኮሊ የት አግኝተን ነው የምንከለከለው! ሲስተር ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችውና "ቤት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት። ድንችና ጎደሬው ተልጦ፣ ደቀቅ ተደርጎ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋ አለች። ፖታሲየሙ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ሽሮው ይቀነስ፣ ጨው እንደ መድኃኒት በልክ ይሁን። ቡና በጨው የምትጠጣው አማቴ ይቺን ስትሰማ ተከፋች፤ ለእሷ እንዳልተባለ ስንነግራት ነው የተረጋጋችው።

ቡናው ራሱ ሌላ ፈተና ነበር። ሽንቱ የቆመበት ሰው የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። እግር ያብጣል፣ ብሶም ሳንባ ውስጥ ይገባና ትንፋሽ ያሳጣል። ባለቤቴ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይል ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው። "ትንሽ ናት እኮ፣ ሲኒ ናት" ይላታል ሲስተርን። አንድ ቀን "ከቤት አንዱን ሲኒያችሁን ይዘሽልኝ ነይ" አለችኝ። ወሰድኩላት። መርፌ በሌለው ትልቅ ስሪንጅ ውሃ እየሳበች እፊቱ ሞላችው። 70 ምናምን ሚሊ ሊትር ያዘ። "እንግዲህ ጋሼ፣ ሦስት ሲኒ ከጠጡ ከቀኑ ድርሻዎ ላይ ይህን ያህል ተቀነሰ" ብላ ጻፈችለት። ከዚያ ወዲህ አቦሏን ብቻ ጠጥቶ ይነሳል። እኔ ምላሴ ጠጉር እስኪያበቅል ብናገር ያልሰማኝን በአንድ ሲኒ አሳመነችው።

ሌላው ደም ነው። የኩላሊት ታማሚ ደሙ ያንሳል፤ ደም እንዲመረት የሚያዘውን ንጥረ ነገር የሚሠራው ኩላሊት ስለሆነ። ባለቤቴ ፊቱ ነጭ ሲሆን ዘመድ ሁሉ "ደም እንስጠው" እያለ መጣ። የክፍሉ ሐኪምና ሲስተር ግን "የግድ ካልሆነ በቀር አይሆንም" ብለው ወይ ፍንክች። ያኔ ተናድጄባቸው ነበር። ምክንያቱን አስቀምጠው ሲያስረዱኝ ገባኝ። ደም ቶሎ ቶሎ የወሰደ ሰው ሰውነቱ የሌላን ሰው አካል መዋጋት ይለምዳል። ኋላ ኩላሊት ሲገኝ አልቀበልም ሊል ይችላል። በምትኩ ደም የሚያስመርተውን መርፌና አይረኑን በሥርዓት አስያዙት። አዲስ አበባ የእሱና የእህቱ ደም ተገናኝቶ ሲታይ "አይጋጭም" ተባለ። ለዚያ ቃል የጅማዎቹ እምቢታ ድርሻ እንዳለው ሐኪሙ ራሱ ነግሮናል።

ክንዱንም እንዲሁ። የአንገት ቱቦ ለኢንፌክሽን በር ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በእሱ ነው። እነሱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ፊስቱላ ይሠራለት እያሉ ነዘነዙን። ፊስቱላ ማለት ክንድ ላይ የደም ሥሮችን አገናኝቶ ለመርፌው የሚሆን ወፍራም ሥር ማዘጋጀት ነው። ተሠርቶ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ መታሰብ አለበት። ከተሠራ በኋላ በዚያ ክንድ ግፊት አይለካበትም፣ ደም አይቀዳበትም፣ ዕቃ አይሸከምበትም። ሲስተር በየቀኑ ጠዋት እጁን አስቀምጦ ንዝረቱን እንዲሰማ አስለመደችው። ጆሮህን ብታስጠጋበት ከሩቅ የሚመጣ ባጃጅ ይመስላል። ልጃችን "የአባዬ ባጃጅ" ይለው ነበር።

አንድ ክረምት ከሰዓት ያየሁትን ልንገራችሁ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። መብራት ድርግም አለ። ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ላይ ጮኹ። የሰው ደም ከፊሉ ቱቦ ውስጥ ነው ያለው፤ ቆሞ ከቆየ ይረጋል። ማሽኑ ባትሪ አለው፣ የባለቤቴ ግን ወዲያው ደከመ። ሲስተር ጎኑ ላይ ያለችውን መዘውር አውጥታ ፓምፑን በእጇ ማዞር ጀመረች። ቀስ ብላ፣ በእኩል ፍጥነት። ዓይኗ ቱቦው ላይ ነው፤ አፏ ግን ስለ ጅማ አባ ጅፋር ጨዋታ ከእሱ ጋር ይከራከራል። በ2010 ዋንጫ የበላ ቡድን እንዴት እንዲህ ይሆናል፣ አጥቂው ምን ነካው፣ ምናምን። ጄነሬተሩ ሲነሳ መዘውሩን መለሰች፣ ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች። ባለቤቴ ቤት ከገባን በኋላ ነው ምን እንደነበር የገባው። እስከዚያ ድረስ ስለ አጥቂው ነበር የሚናደደው።

እዚያ ክፍል የሚመጣው ሰው ከአጋሮ፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ፣ ከዳውሮ፣ ከየትም ነው። ሲስተር ከአንዱ አልጋ በአማርኛ ተነስታ ሌላው ጋ በኦሮምኛ ትቀጥላለች። ሽማግሌውን አባ፣ እናቶቹን እማማ፣ ወጣቱን ወንድሜ ትላለች። ሳትቆጣ ትናገራለች፣ ስትቆጣም አታስከፋም። ውሃ አብዝቶ ጠጥቶ ሁለት ኪሎ ጨምሮ የመጣን ሰው "ሚዛኑ ዛሬ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ እስኪ ደግመው ይውጡ" ትለዋለች። ሰውየው ራሱ ስቆ ምን እንደጠጣ ይናዘዛል።

የእህቱ ነገር ሲነሳ አማቴ ፈራች። እውነት ለመናገር ሁላችንም ፈርተናል። "ሁለት ልጆቼን ባንድ ቀን ቢላ ስር!" እያለች አለቀሰች። ሲስተር ቡና ተጠርታ ቤት መጣች፤ እማማን አጠገቧ አስቀምጣ ረጋ ብላ አጫወተቻት። የሚሰጠው ሰው ከሚቀበለው በላይ ነው የሚመረመረው። ትንሽ ጥርጣሬ ካለ አይነኩትም። ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል፤ ብቻ ግፊቱንና ሽንቱን በየጊዜው መታየት አለበት። እህቱንም ለብቻዋ አነጋገረቻት። "አልፈልግም ካልሽ ለእኔ ንገሪኝ፤ ምክንያት ፈልጌ እዘጋዋለሁ፤ ማንም አያውቅም" አለቻት። ይሄን የነገረችን እህቱ ናት፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ። ከማንም ዘመድ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣም ነበር። እኛ ሀገር ንቅለ ተከላው የሚሠራው በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ነው፤ ሽያጭ ወንጀል ነው። ግን ዘመድ ደግሞ ሳይከፍልም ማስገደድ ይችላል። ይቺን ያሰበች እሷ ብቻ ነበረች።

ጳውሎስ ንቅለ ተከላውን የጀመረው በ2008 መጀመሪያ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሕንድ ነበር የሚሄደው፤ ያውም ገንዘብ ያለው። ስለዚያ የሚያወራ ሞልቷልና እዚህ አልደግመውም። ጎረቤት ሁሉ ለሚጠይቀኝ ግን ልመልስ፦ የድሮዎቹን ኩላሊቶች አላወጧቸውም። አዲሱ የተቀመጠው ከሆዱ በታች በጎን በኩል ነው። ጠረጴዛው ላይ እያለ ሽንት መውረድ ጀመረ ተባልን። ለእኛ የምሥራች ማለት ሽንት ነው፣ ምን ይደረግ።

ከተመለስን በኋላም ጅማዎቹ አልተዉንም። ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይዋጋ የሚያደርጉ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉት። ዕድሜ ልክ ነው። ታክሮሊመሱ በየ12 ሰዓቱ ነው፤ መጠኑ በደም ሲለካ የጠዋቱ ሳይዋጥ ነው የሚቀዳው። ሲስተር ስልኩ ላይ ደወል ሞላችለት። ዳማ ከሴም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ሐኪም ሳይጠይቅ እንዳይነካ አስጠነቀቀችው፤ ሰው በደግነት ነው ይዞ የሚመጣው፣ ከመድኃኒቱ ጋር ግን ሊጣላ ይችላል። ክሬቲኒኑን እዚሁ ጅማ እያሠራን ለአዲስ አበባ ሐኪሙ እንልካለን። አዲስ አበባ የምንሄደው ሲቀጥሩን ብቻ ነው።

እንግዲህ የእኔ ጥቆማ፦ ጅማና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ክሬቲኒንና የሽንት ፕሮቲን አሠሩለት። ኩላሊትን በብዛት የሚጎዱት ሁለቱ ናቸው፤ እስኪብስ ድረስም አያሳምሙም። ኩላሊቱ ደክሟል ከተባለ ደግሞ ሻንጣ ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ ከመሮጣችሁ በፊት እዚህ ክፍል ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ስለ ፊስቱላው፣ ስለ ሄፓታይተስ (የጉበት በሽታ) ክትባቱ፣ ስለ ሰጪው ቀድማችሁ ጠይቁ። አያፍሩባችሁም፣ አይቸኩሉባችሁም። ማሽን በሀገራችን የትም ብትሄዱ ከታማሚው ያንሳልና ተራ ሲባል ነርሶቹ ላይ አትጩሁ። የቀድሞ ውጤታችሁን ሁሉ ያዙ። ብርድ ልብስም ያዙ፤ ደሙ ወጥቶ ሲገባ ሰውየው ይበርደዋል።

ለሚመለከታቸውም አንድ ነገር ልበል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የታመመ ሰውና ጤነኛ ሰጪ፣ አስታማሚ ጭምር፣ ጊቤን እየወረዱ እየወጡ ወራት ይመላለሳሉ። ቤት ኪራዩ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ንቅለ ተከላው አንድ ቀን እዚሁ ጅማ እንዲሠራ እመኛለሁ። ታማሚን እንዲህ አድርጎ የሚያዘጋጅ ሰው ያለበት ከተማ ይሄ አይበዛባትም።

ለሲስተር ስጦታ ወስጄ ነበር፤ አልቀበልም አለች። የሊሙ ቡና ግን ለክፍሉ ሁሉ ስለሆነ አልመለሰችውም። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ስልኳን ግን አልሰጥም፤ ክፍሉ ሄዳችሁ ታገኟታላችሁ።