ለገና የትኛው ጥድ? ባልሳም፣ ፍሬዘር ወይስ ሬድ ሲዳር

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለምንኖር ሰዎች የጥድ ግዢ አንድ ችግር አለው። ሻጮቹ የሚያስቡት ለዲሴምበር 25 ነው፤ የኛ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7። ዛፉ ከነሽታው ሁለት ሳምንት ያህል ተጨማሪ መቆየት አለበት።

የምትፈልጉት ሽታ ብቻ ከሆነ ባልሳም ፈርን የሚያክል የለም። ቅጠሉን በሁለት ጣት አሸት አድርጉት፤ ጣፋጩ የሙጫ ሽታ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሜይንና ካናዳ የሚበቅል የብርድ አገር ዛፍ ስለሆነ ግን ሞቅ ያለ ሳሎን ውስጥ ከፍሬዘር ቀድሞ ይረግፋል። ፍሬዘር ፈር ሽታው ለስለስ ያለ ነው፤ ከኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ስለሚመጣ ለኛ ቅርብ ነው፣ ቅጠሉንም አጥብቆ ይይዛል። እስከ ጃንዋሪ 7 ለሚቆም ዛፍ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ዳግላስ ፈር ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ቅርንጫፉ ግን ከባድ ጌጥ አይችልም።

የሀገር ቤቱን ጥድ ለሚናፍቅ ሦስቱም አይሆኑም። የሐበሻ ጥድ ዘመዱ እዚሁ ቨርጂኒያ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ኢስተርን ሬድ ሲዳር ነው። የሁለቱም እንጨት ለእርሳስ መሥሪያ ያገለግላል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ገና የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። አምና አንድ እቅፍ ቅርንጫፍ በማሰሮ ውሃ ውስጥ አድርጌ ረከቦቱ አጠገብ አኖርኩት፤ እንግዶቼ ከትልቁ ዛፍ ይልቅ ወደ እሱ ነበር የሚጠጉት። ቅጠሉ ይወጋል፤ ልጅ ካላችሁ ከፍ አድርጉት። አፓርትመንቱ ሙሉ ዛፍ ለከለከለው ሰውም ይኸው ማሰሮ ይበቃዋል።

የጥድ ሽታ አለው የሚባለው ሻማ ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ሽቶ ነው። ለሽታ የሚሸጠው የጥድ ዘይትም ድመት ላለበት ቤት አይመከርም፤ ይመርዛታል።

የትኛውንም ዛፍ ብትገዙ ከማቆማችሁ በፊት የግንዱን ታች 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ሙጫው ከደፈነው ውሃ አይስብም። በመጀመሪያው ቀን እስከ 4 ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ ውሃው ከግንዱ ጫፍ በታች ከወረደ ሙጫው እንደገና ይደፍነዋል። ከማሞቂያው አርቁት። ቡና ስታፈሉም ከሰሉንና ማጨሻውን ከዛፉ በደንብ አርቁ፤ የደረቀ ጥድ እሳት ሲነካው ባንዴ ይንቦገቦጋል፣ ዕጣኑም ሽታውን ይውጠዋል።

ዛፉን በዲሴምበር አጋማሽ ግዙ። የሬድ ሲዳሩን ቅርንጫፎች ግን ውሃ ባለው ባልዲ አድርጋችሁ ብርድ በረንዳ ላይ አቆዩና ለዋዜማው አስገቧቸው።