ለደነዘዙ እጆች የተገዛ ብረት፦ የመሪ ጫፍ ክብደት ግምገማ

ከሁለት ሰዓት ተከታታይ ጉዞ በኋላ ከሞተር ሳይክሌ ወርጄ የራስ ቁሬን ማሰሪያ ልፈታ ስሞክር ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አውራ ጣቴና ጠቋሚ ጣቴ ማሰሪያውን መያዛቸውን በዓይኔ አያለሁ እንጂ በቆዳዬ አይሰማኝም ነበር። እጅ የሚያደነዝዘውን የመሪ ንዝረት ለመቀነስ በመሪው ጫፍ የሚታሰረውን ክብደት የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው፤ አሁን ዓመት ሊሞላው ጥቂት ስለቀረው ያገኘሁትን ጥቅምም ሆነ ያደረብኝን ቅሬታ ለመጻፍ በቂ ጊዜ አልፏል ብዬ አምናለሁ።

ዕቃው እጅግ ቀላል ነው። ከማይዝግ ብረት የተጠረቡ ሁለት ድቡልቡል ቁራጮች ሲሆኑ፣ በኩሽና ሚዛን ሳስቀምጣቸው እያንዳንዳቸው 240 ግራም ገደማ መዘኑ። በእያንዳንዳቸው መሃል የሚያልፈው ረጅም ቡሎን ጫፉ ላይ የጎማ ቀለበት አለው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ጎማው ተጨምቆ ወደ ጎን ያብጥና የመሪውን ቧንቧ ከውስጥ ነክሶ ይይዛል። ከፋብሪካ የመጡት የቀድሞዎቹ ጫፎች ባዶ ሆድ ያላቸው ፕላስቲኮች ስለነበሩ ከጌጥነት ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም።

ብረት መጨመር ለምን ይረዳል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። የእኔ ሞተር አራት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት ነው፤ ሁለቱ ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ ዋናው ኃይል እርስ በርሱ ይጣፋል። ይሁን እንጂ ቤላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከሚዞረው ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ከፒስተኑ በታች ወደ ጎን እየተጋደመ ስለሚሠራ፣ ፒስተኑ በላይኛው ጫፍ አጠገብ የሚያደርገው የአቅጣጫ ለውጥ ከታችኛው ይልቅ የበረታ ነው፤ ከዚህ ልዩነት የሚወለደው ትርፍ ኃይል ደግሞ በአራቱም ፒስተኖች ላይ በአንድ አቅጣጫ ስለሚደመር ሞተሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይመታል። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ሲዞር ይህ በሰከንድ 167 ያህል ምት ማለት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር በእጥፍ ፍጥነት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ዘንጎችን ለዚህ መፍትሔ አድርጎ የፈጠራ መብቱን አስመዝግቧል፤ የእኔን ሞተር የነደፉት ሰዎች ግን ዘንጎቹን ትተው ችግሩን ለእጆቼ ማስተላለፍን መርጠዋል።

መሪው ደግሞ ረጅም ቧንቧ እንደመሆኑ የራሱ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ፣ ማለትም ሲመታ በሰከንድ የሚርገበገብበት የራሱ ቁጥር፣ አለው፤ የሞተሩ ምት ከዚያ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ትንሹ ንዝረት ገንፍሎ ይወጣል። የበገና ወፍራም አውታር ከክራር ቀጭን አውታር ዝቅ ያለ ድምፅ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ በመሪው ጫፍ ክብደት ሲጨመርም ድግግሞሹ ዝቅ ይላል። ቅነሳው ግን ስስታም ነው፦ የቧንቧው ጥንካሬ ሳይለወጥ ድግግሞሹን በግማሽ ለማውረድ የሚወዛወዘው ክብደት አራት እጥፍ መሆን አለበት።

በተግባር ያየሁትም ይህንኑ ነው። ቀድሞ ንዝረቱ የሚከፋው ከ4,800 እስከ 5,400 ዙር ባለው ክልል ነበር፤ ይህም በመጨረሻው ማርሽ ረጅሙን መንገድ የምገፋበት ፍጥነት ስለሆነ መሸሻ አልነበረኝም። በስፖኪዮው ውስጥ ከኋላዬ የሚመጣ የጭነት መኪና ሁለት መብራቶች ተወላግደው አራት ይመስሉኝ ነበር። ክብደቱን ካሰርኩ በኋላ በዚያው ፍጥነት መብራቶቹ ሁለት ሆነው ይታዩኛል። ነገር ግን ቀድሞ ጸጥ ያለ በነበረው ከ4,000 እስከ 4,400 ባለው ክልል አዲስ ንዝረት ተነሥቷል። ዕቃው የሠራው ሥራ እንግዲህ ንዝረቱን ከምቆይበት ፍጥነት አንሥቶ አልፌው ወደምሄደው ፍጥነት ማሸጋገር ነው። ለእኔ ይህ በቂ ነው፤ ዳገት ላይ ከዘገምተኛ ተሽከርካሪ ኋላ ስቀር ግን አዲሱ ንዝረት ራሱን ያስታውሰኛል።

ትልቁ ቅሬታዬ ስለ አገጣጠሙ ነው። አብሮ የመጣው ወረቀት ቡሎኑን ስለማጥበቅ ብቻ ይናገራል፤ በቀኝ በኩል ያለው ክብደት ከነዳጅ መስጫው እጀታ ጋር መነካካት እንደሌለበት አንድም ቃል የለውም። ሞተሩን ሳላስነሣ እጀታውን ጠምዝዤ ስለቀው በነበረበት ቀረ። ይህን መንገድ ላይ ባውቀው ኖሮ ምን ሊከተል እንደሚችል ማሰብ አያስፈልግም። አንድ ቀጭን ሮንዴላ አስገብቼ የሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ስተውለት እጀታው ጠቅ ብሎ መመለስ ጀመረ። የግራው ቡሎንም ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ በጣት የሚዞር ሆኖ ስላገኘሁት የቡሎን ማጣበቂያ ቀብቼ አጥብቄዋለሁ።

ከመግዛት በፊት ግን አንድ ሙከራ ማድረግ ይገባል። ገላጣና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን ወደ ዝቅተኛ ዙር ማውረድ ነው፤ ንዝረቱ ወዲያው ከቀነሰ ምንጩ ሞተሩ ነው፣ ካልቀነሰ ግን የጎማ ሚዛን፣ ቸርኬ ወይም ኩሽኔታ መታየት አለበት። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ላልተውም ከሆነ በመሪው ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት አያድናቸውም። የሚደነዝዙት ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ከንዝረቱ ይልቅ የመዳፉን ጠርዝ መሪው ላይ መጫን ነርቩን እያስጨነቀው ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በፊት ወፍራም የስፖንጅ እጀታ ሞክሬ ነበር፤ እጀታው ስለወፈረ አጥብቄ ለመያዝ ተገደድኩ፣ አጥብቆ የያዘ እጅ ደግሞ ንዝረቱን አብልጦ ይቀበላል። መሪውን በጎማ ላይ ማሳረፍም አለ፤ እሱ ግን የመሪውን ትክክለኛነት ያለዝባል። ቧንቧውን በእርሳስ ፍሬ መሙላት ፍሬዎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ኃይሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጡት ጥሩ ውጤት አለው፤ ሆኖም እርሳስ መርዝ በመሆኑ በባዶ እጅ ልነካው አልፈቀድኩም።

በሁለቱም ጫፍ የተጨመረው ብረት ሞተር ሳይክሉን በአራት ሴንቲ ሜትር ገደማ አስፍቶታል፤ በቆሙ መኪናዎች መካከል ስገፋው ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። አንድ ጊዜ ቆሞ ሳለ በግራ ጎኑ ሲወድቅ ግን መሬቱን ቀድሞ የነካው ብረቱ ስለነበር የፍሪሲዮን መያዣው ሳይሰበር ተርፏል። ጭረቱ እስከ አሁን አለ። ተንግስተን ከብረት በእጥፍ ተኩል ገደማ የሚከብድ በመሆኑ ይኸው ዕቃ በዚያ ማዕድን አጠር ብሎ ቢሠራ ስፋቱም ይቀንስ ነበር፤ ያኔ የፕላስቲኮቹን ያህል ርዝመት ይዞ የዚህን ያህል ሊመዝን ይችላል።