የእናቴን አፍ በፋሻ ጠርጋ ላየችው ዶክተር

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ አፉን የሚያመው ሰው በቤታችሁ ካለ ይህችን አንብቡልኝ።

እማዬ የአፍ ሕመም ከያዛት ሦስት ዓመቷ ነው። ላይከን ፕላነስ ይሉታል። የጉንጯን ውስጥ እንደ ዳንቴል ነጭ መስመር ይሠራበታል፣ አንዳንዴም ይቆስላል። ስቴሮይድ የሚባል ቅባት ተሰጥቷት ደህና ሆና ነበር። ዘንድሮ ግን ማቃጠል ጀመራት። በርበሬ የነካው ሁሉ እሳት ሆነባት። የጣናን ዓሣ እንኳ ያለ ሚጥሚጣ፣ ያለ ሎሚ፣ እንዲሁ ቅቅሉን ነበር የምትበላው።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ አንቲባዮቲክ፣ ሌላው ጋ ሌላ አንቲባዮቲክ። አንዱ ከስልኩ ቀና ሳይል "ቅባቱን ጨምሪበት" አላት። ጨመረች። ባሰባት። አንዷማ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ሰው እየሰማ፣ "ካንሰርም ሊሆን ይችላል" ብላት አለፈች። ያን ሌሊት ቤታችን ማን ተኛ! ስም አልጠራም።

አባይ ማዶ ያለችውን የጥርስ ሐኪም የጠቆመን የባጃጅ ሹፌር ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ዶክተሯ ገና ስንገባ "እናቴ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስዎን ያውልቁልኝ" አለቻት። እስከዚያ ድረስ አውልቂ ያላት ሰው የለም! ከዚያ በፋሻ ቀስ አድርጋ ጠረገችላት። እርጎ የመሰለው ነጭ ነገር ተነሣ፣ ሥሩ ቀይ ነው። ዳንቴሉ ግን ንቅንቅ አላለም። መስታወት ሰጥታ አሳየቻት። "ይኼ የማይለቀው የድሮው ሕመምዎ ነው። ይኼ የለቀቀው ፈንገስ ነው፣ ቅባቱ ሲበዛ ተመቸው።" ፈንገሱ ድሮም በብዙ ጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ ይኖራል አለችን። ሌላም አስረድታን ነበር፣ እኔ አልያዝኩትም።

እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ይተላለፋል?" አለች። ለካ ሲኒዋን ለይታ ትደብቅ ኖሯል፣ ልጆቼን እንዳይዛቸው ብላ! አንድ ቤት እየኖርን አላየሁም። ዶክተሯ እጇን ይዛ "ሕመምዎ አይተላለፍም። ከልጆችዎ ጋር ቡናዎን ይጠጡ" አለቻት። አለቀሰች። እኔም።

ኒስታቲን የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘላት፣ አፏ ውስጥ ይዛ የምታቆየው። ጥርሱ ማታ ማታ ወልቆ ይጸዳል። ቅባቱ በልኩ። በየስድስት ወሩም ትታያለች። በሦስተኛው ቀን ደውላ "እናቴ፣ ዛሬ ምን በሉ?" አለቻት። እንዲህ የሚደውል ሐኪም አይቼ አላውቅም። እጇ ይባረክ!

ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ፣ እንደኛ አትንከራተቱ። አድራሻዋን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

እማዬ እሁድ ዕለት ዓሣ ጉላሽ በላች። "በርበሬው አንሷል" ብላ ተቆጣችኝ።