«ንስሩን በቅርብ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ዋስትና አለው» ካሏችሁ ቀብድ አትላኩ

ሲያትልና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ካሜራ የምትወዱ ወገኖቼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከሲያትል በስተሰሜን ባለው የስካጂት ሸለቆ ረግረግ ላይ ንስርና ጉጉት ፎቶ እናስነሳችኋለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ይበዛሉ። ከአንዱ አስጎብኚ ጋር ሄጄ ነበር። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

የተነገረን እንዲህ ነው። መደበቂያ ድንኳን አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ትልቅ ሌንስ ይሰጣል፤ ወፎቹ በቅርብ መምጣታቸው ዋስትና አለው። ዋጋው 280 ዶላር። ግማሹ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ቀድሞ ይላካል፣ አይመለስም።

ስንደርስ ድንኳን የለም። ሌንሱም አንድ ብቻ ነው፣ በተራ። የወሰደን ቦታ ደግሞ የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ክፍት ያደረገው መሬት ነው። መኪና ለማቆም ዲስከቨር ፓስ የሚባለው የግዛቱ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ይበቃል። እሱንም «የራሳችሁን ግዙ» ተባልን።

ይሄ እንኳን የገንዘብ ነገር ነው። እኔን ያንገበገበኝ ሌላው ነው። ሰውየው ከሣጥን ውስጥ ከሱቅ የተገዙ ነጭ አይጦች አውጥቶ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ለቀቀ፤ ጉጉቱን ለመሳብ። ዋስትና ያለው ለካ በዚህ ነው! ጉጉት ሰውና መንገድ ምግብ አለው ብሎ ከለመደ መኪና ይገጨዋል። ቀጥሎ ንስር ያረፈበት ዛፍ ሥር ሄዶ እያጨበጨበ አስነሳው፣ «የበረራ ፎቶ» እንድናገኝ። በብርድ ወቅት ያለ ምክንያት መብረር ለወፉ ከባድ ኪሳራ ነው፤ ያንን ጉልበት መልሶ የሚያገኘው አድኖ ነው። ጭንቅላቱ ነጭ የሆነውን ንስር (ባልድ ኢግል) ማወክ ደግሞ በ1940 በወጣው የፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ለመጀመሪያ ጥፋት እንኳ ቅጣቱ እስከ 100,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርሳል።

የዱር ወፍ ይመጣል ብሎ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። ሐቀኛ አስጎብኚ «ዕድላችን ነው» ይላችኋል። ወፍ በምግብ ትስባለህ ወይ? በሕዝብ መሬት ላይ ለመነገድ ፈቃድ አለህ ወይ? ብላችሁ ጠይቁት። ከተቆጣ ተዉት።

ደግሞስ ለምን ትከፍላላችሁ? አይ-5 አውራ ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ከምናምን ብትነዱ እዚያው ስካጂት ውስጥ ያሉት ፈር አይላንድና የሳሚሽ ሜዳ ናቸው። ከሩሲያዋ ራንግል ደሴት የሚመጡት ነጭ ዝይዎች እዚያ ይከርማሉ፤ ንስሮቹም የደከመ ዝይ ፍለጋ አይጠፉም። አመሻሽ ላይ ጉጉቶቹ ከሣሩ በላይ ዝቅ ብለው አይጥ ያድናሉ። መኪናችሁን በተፈቀደ ቦታ አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉና ከውስጥ ሆናችሁ አንሱ። ወፎች ከሰው ይልቅ መኪና ይታገሳሉ፤ ከድንኳኑ የሚሻለው እሱ ነው። ሌንስ ከካሜራ ሱቅ ለአንድ ቀን ተከራዩ። በአደን ወቅት ዳክዬና ዝይ አዳኞች ጠመንጃ ይዘው ስለሚገቡ ከመኪና ከወረዳችሁ ደማቅ ልብስ ልበሱ።

የግድ በአስጎብኚ የምትሄዱ ከሆነ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። ችግር ከተፈጠረ ባንኩ ጋር መከራከር ትችላላችሁ፤ በዜል የሄደ ገንዘብ ግን ለማስመለስ በጣም አስቸጋሪ ነው። የእኔም አልተመለሰም። ለዋሽንግተን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማች አቤቱታ በኢንተርኔት አስገብቻለሁ። እናንተም ተመሳሳይ ነገር ከደረሰባችሁ አስገቡ፤ የከፈላችሁበትንና የተጻጻፋችሁትን መልእክት ግን አታጥፉት።