የሊቼስ የተጫዋች ነጥብ ምን ያህል ይታመናል?

ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ ባለች አንዲት ትንሽ ካፌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ቼዝ የምንጫወት ሰዎች አለን። ከመካከላችን ሊቼስን፣ ማለትም በኢንተርኔት ቼዝ የሚያጫውተውን አገልግሎት፣ በስልኩ ያልጫነ ሰው ዛሬ ከሁለት አይበልጥም። ስለዚህ አገልግሎት ብዙ ማለት ይቻላል፤ እንቆቅልሾቹም፣ የጨዋታ መተንተኛውም፣ ውድድሮቹም ለየብቻቸው ሊጻፍባቸው የሚገቡ ናቸው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምመዝነው ግን ከእያንዳንዱ ተጫዋች ስም አጠገብ የሚቀመጠውን፣ ተጫዋቾች «ሬቲንግ» የሚሉትን ቁጥር ብቻ ነው። ወጣቶቻችን ራሳቸውን የሚለኩት፣ አንዳንዶቹም ጨዋታውን እስከ መተው የሚደርሱት በዚህ ቁጥር ምክንያት ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ በጥንቃቄ ማወቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ወደ ካፌው መጣ። በትምህርት ቤቱ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በሊቼስ ብሊትዝ የሚባለውን በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ፈጣን ጨዋታ ይጫወት ነበርና ነጥቡ 1780 ደርሷል። «ጋሼ፣ ማስተር ለመሆን ስንት ይቀረኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ከመመለሴ በፊት ሰሌዳውን ዘርግተን ከአንድ ጡረታ ከወጡ አስተማሪ ጋር አጫወትነው። እኚህ ሰው በኢንተርኔት ተጫውተው አያውቁም፣ ነጥብ የሚባል ነገርም የላቸውም። ልጁን ሦስት ጊዜ በተከታታይ፣ ያለ ብዙ ድካም አሸነፉት። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን ደግሞ ደግሞ አየው። አላታለለም፣ ሊቼስም በስሌቱ አልተሳሳተም፤ ችግሩ ሌላ ነበር፤ እሱን ለመረዳት ስሌቱን ከመሠረቱ ማየት ያስፈልጋል።

የዘመናችን የቼዝ ነጥቦች መነሻ፣ ሀንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የፊዚክስ መምህር የነበረው አርፓድ ኤሎ ያወጣው ዘዴ ነው። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል። ሁለት ሰዎች ሊጫወቱ ሲቀመጡ በነጥባቸው መካከል ካለው ልዩነት ተነሥቶ አስቀድሞ የሚጠበቅ ውጤት ይሰላል። እኩያሞች ከሆኑ ግማሽ በግማሽ ይጠበቃል፤ የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ የሚበልጠው ሰው ከ100 ጨዋታ 76 ያህል፣ የ400 ልዩነት ካለ ደግሞ 91 ያህል ነጥብ እንዲሰበስብ ይጠበቃል። ከተጠበቀው በላይ ያመጣ ይጨመርለታል፣ ከተጠበቀው በታች ያመጣ ይቀነስበታል። በፊዴ ስሌት አብዛኛው ነባር ተጫዋች እኩያውን ሲያሸንፍ 10 ነጥብ ያገኛል፤ በ200 የሚበልጠውን ሲያሸንፍ 15 ያህል፣ በ200 የሚያንሰውን ሲያሸንፍ ግን 5 ያህል ብቻ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚህ ዘዴ በሁለት ነባር ተጫዋቾች መካከል አንዱ የሚያገኘው ሌላው የሚያጣውን ነው። እቁብ ውስጥ ያለ ገንዘብ እንዲህ ነው፤ ዕጣው ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ይወጣል እንጂ፣ ከውጭ የሚገባ ከሌለ ሣጥኑ ውስጥ ያለው አይበዛም። ሊቼስ ለማንኛውም አዲስ ተጫዋች መነሻ አድርጎ የሚሰጠው 1500 ነጥብ ነው። ስለዚህ ጠጠር ማንቀሳቀስን ትናንት የተማሩ አምስት ልጆች እርስ በርሳቸው ብቻ ቢጫወቱ፣ አማካያቸው ለወራት ከ1500 አካባቢ አይርቅም፤ ከመካከላቸው የተሻለው ወደ 1800 ይጠጋል፣ የመጨረሻውም ወደ 1200 ይወርዳል። የልጁ 1780 «ከአራቱ ጓደኞቼ እበልጣለሁ» የሚል እውነተኛ ምስክርነት ነበር። ስለ ቀረው ዓለም የሚናገረው ግን አልነበረም።

ሊቼስ የሚጠቀመው የኤሎን ዘዴ እንዳለ ሳይሆን፣ ማርክ ግሊክማን የተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር ያሻሻለውንና ግሊኮ 2 የሚባለውን ነው። በእኔ ግምት የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። የኤሎ ዘዴ ለአንድ ተጫዋች አንድ ቁጥር ብቻ ሲሰጥ፣ ግሊኮ በቁጥሩ ምን ያህል እንደሚተማመንም አብሮ ይይዛል። ለምሳሌ ነጥቡ 1500፣ የጥርጣሬው መጠን 200 የሆነ ተጫዋች እውነተኛ ችሎታው ከ1100 እስከ 1900 ባለው ሰፊ ሜዳ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ስሌቱ ራሱ ይናገራል። አዲስ ተጫዋች ጥርጣሬው እጅግ ሰፊ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ነጥቡን በመቶ ያህል ከፍና ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ በተጫወተ ቁጥር ጥርጣሬው ይጠባል፣ የሚጨመረውና የሚቀነሰውም ወደ ጥቂት ነጥብ ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ ሳይጫወት የከረመ ሰው ጥርጣሬው ተመልሶ ይሰፋል። የጥርጣሬው መጠን ከ110 በላይ እስከሆነ ድረስ ከነጥቡ አጠገብ የጥያቄ ምልክት ይቀመጣል። ያቺ ትንሽ ምልክት «ገና አላወቅሁህም» የምትል ናት፤ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል እንጂ፣ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ እሷን አከብራታለሁ።

ነገር ግን ይህ ጥንቃቄ የልጁን ዓይነት ሁኔታ አይይዝም፤ የአገልግሎቱ ዋነኛ ጉድለትም ይህ ይመስለኛል። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በመቶዎች የሚቆጠር ጨዋታ ስለተጫወተ የጥያቄ ምልክቱ ከጠፋ ቆይቷል። ስሌቱ በጨዋታ ብዛት ይተማመናል፤ ተጋጣሚዎቹ ሁልጊዜ እነዚያው አራት መሆናቸውንና እነሱም ከውጭ ሰው ጋር አለመጫወታቸውን ግን አይመለከትም። እንዲህ ያለውን ተጫዋች የሚያስጠነቅቅ አንድ አጭር መስመር ቢኖር ለብዙ የትምህርት ቤትና የሰፈር ቡድኖች በጠቀመ ነበር። መፍትሔው እስከዚያው በተጫዋቹ እጅ ነው፤ ከወዳጅ ጋር ሲጫወቱ ጨዋታውን ነጥብ የማይቆጠርበት አድርጎ መክፈት፣ ነጥብ ለሚቆጠርበት ግን አገልግሎቱ ራሱ ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲያገናኝ መፍቀድ።

የጊዜ ዓይነቶቹ ጉዳይም ግራ ያጋባል። ሊቼስ ከአጭሩ ጨዋታ ወደ ረጅሙ ለቡሌት፣ ለብሊትዝ፣ ለራፒድና ለክላሲካል የተለያየ ነጥብ ይይዛል፤ ይህም ትክክል ነው። ድንበሩ የሚሰላው ግን በመነሻው ደቂቃ ብቻ ሳይሆን፣ በየእርምጃው የሚጨመረውን ሴኮንድ በ40 አባዝቶ በመደመር ነው። ስለዚህ 5 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ጋር ብሊትዝ ሲሆን፣ 5 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ጋር ራፒድ ይሆናል፤ ይህን ሳያውቅ «ነጥቤ የት ጠፋ?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። ለአዲስ አበባ ተጫዋች የምመክረው ራፒድን ነው። አገልግሎቱ በኔትወርክ መዘግየት የባከነውን ሰዓት በተወሰነ መጠን ያካክሳል፤ ነገር ግን በቡሌት ጨዋታ መሀል መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ አብሮ ቢሄድ የሚያካክስ ስሌት የለም። ግንኙነቱ ተቋርጦ ካልተመለሰ ተጋጣሚ ጥቂት ጠብቆ ድሉን መጠየቅ ይችላል። እኔ ራሴ በክረምቱ እንዲህ ያጣኋቸው ነጥቦች ጥቂት አይደሉም፤ ወደ ረጅሙ ጨዋታ ከተዛወርኩ በኋላ ግን መስመሩ እስኪመለስ የምታገስበት ጊዜ አገኘሁ።

ስለ ነጥብ ሳስብ ሰንጠረዥ የሚባለው የአባቶቻችን የቼዝ ጨዋታ ይታወሰኛል። በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ፣ «ወረራ» በሚባለው ክፍል፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ሲያልቅም ማን አሸነፈ ብቻ ሳይሆን በምን አሸነፈ ይባል ነበር፤ ንጉሡን በጠንካሮቹ ጠጠሮች መግደል ብዙ አያስመሰግንም፣ በደካሞቹ መግደል ግን ክብር ነበረው። የኤሎም ሆነ የግሊኮ ስሌት ይህን አያይም። የሚያውቀው ድልን፣ አቻንና ሽንፈትን ብቻ ነው። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ አንድ ቁጥር ከሚችለው በላይ እንዳንጠብቅበት ግን ያስታውሰኛል።

የልጁን ጥያቄ በተመለከተ፣ መልሱ በሊቼስ ቁጥር ሊሰጥ አይችልም። ለወንዶችም ለሴቶችም ክፍት ከሆኑት የፊዴ ማዕረጎች ዝቅተኛው ካንዲዴት ማስተር 2200 ነጥብ ይጠይቃል፤ ይህም በሰሌዳ ላይ፣ በተመዘገበ ውድድር የሚገኝ የፊዴ ነጥብ ነው። የመጀመሪያውን የፊዴ ነጥብ ለማግኘት ነጥብ ካላቸው ተጋጣሚዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ወዲህም በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ዝቅተኛ ነጥብ 1400 ሆኗል። የሊቼስ ነጥብ ለአብዛኛው ሰው ከፊዴው ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለቱ ሚዛኖች የየራሳቸው መነሻና የየራሳቸው ተጫዋቾች ስላሏቸው፣ ብርን በዶላር እንደምንመነዝር አንዱን በሌላው መመንዘር አይቻልም። በሊቼስ የነጥብ ስርጭት ገጽ ላይ ከተጫዋቾች ስንት በመቶውን እንደሚበልጡ ማየት ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

ስለ ዋጋው ብዙ የምለው የለኝም፤ ምንም አይከፈልበትም። በፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ይህ አገልግሎት የሚተዳደረው በእርዳታ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፣ የተሻለ ነጥብ ወይም ትንተና ለማግኘት በውጭ ምንዛሪ መክፈልም አያስፈልግም። የዶላር ካርድ ለሌለው ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በማጭበርበር የተያዘ ተጋጣሚ ሲገኝም፣ በእሱ ለተሸነፉ ሰዎች ካጡት ነጥብ የተወሰነው ይመለስላቸዋል፤ ይህንንም በበጎ አየዋለሁ።

ልጁ ምክሩን ተቀብሎ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር መጫወት ጀመረ። በሁለት ወር ውስጥ ከ120 በላይ ጨዋታ ተጫወተና ነጥቡ ወደ 1460 ወረደ። በየቅዳሜው ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ይታየኝ ስለነበር፣ በምርጫዎቹ ውስጥ የተጫዋቾችን ነጥብ የሚደብቀውን አሳየሁት፤ ነጥቡ እንዳይታየው አደረገ፣ እስካሁንም አልመለሰውም። ባለፈው ሳምንት ከአስተማሪው ጋር ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ ከአራት ጨዋታ አንዱን አሸነፈ፣ አንዱንም አቻ ወጣ። አስተማሪው ማኪያቶ አዘዙለትና ያሸነፈበትን ጨዋታ ከመጀመሪያው እንዲያሳያቸው ጠየቁት።