«የሊኑክስ ላይሰንስ ማደሻ» ከተባላችሁ እንዳትከፍሉ

ቤታችሁ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለው ነጻ ሲስተም የተጫነበት ዴስክቶፕ ካለ ይህቺን አንብቧት። ጥገና ቤት ወስዳችሁት «ላይሰንሱ አልቋል፣ ይታደስ» ከተባላችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ውጡ። ሊኑክስ ሚንትም ሆነ ኡቡንቱ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ጊዜው የሚያልፍ ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) የላቸውም።

ይህን የምጽፈው ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ ከአንድ ጥገና ቤት ይዘውት የመጡትን ወረቀት አይቼ ነው። ወረቀቱ ከደብተር የተቀደደ ነው፤ ማህተም የለው፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለው። በእስክሪብቶ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ማዘርቦርድ ቼክ፣ ሃርድ ዲስክ መቀየር፣ የሊኑክስ ላይሰንስ ማደሻ የ1 ዓመት፣ ፎርማት። 9,500 ብር። ግማሹ ቀብድ።» ደግነቱ «ከልጆቼ ጋር ተማክሬ እመጣለሁ» ብለው ቀብዱን ሳይከፍሉ ኮምፒውተሩን በታክሲ አስጭነው ተመልሰዋል።

ኮምፒውተሩ ምን ሆኖ ነበር? ያገለገለ ደል ኦፕቲፕሌክስ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ስለማይቀበለው ሚንት የተጫነበት። እንዲህ ዓይነት ዴስክቶፕ አሁን በየቤቱ እየበዛ ነው፣ ምክንያቱም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ አደረ፤ ጠዋት ሲከፍቱት ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» (የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም) ብሎ ቆመ። ጥገና ቤቱ ሳይፈታው «መብራቱ አቃጥሎታል፣ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» አላቸው።

ነገሩ የአንዲት ባትሪ ጉዳይ ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሰዓቱንና የማስነሻ ቅንብሩን የምትጠብቀው እሷ ናት። ባትሪዋ ብትሞትም ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ማንም አያውቅም፤ ጠፍቶም ቢሆን ከግድግዳው ትንሽ ኃይል ይወስዳልና። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲቋረጥ ግን ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ ኮምፒውተሩም ሊኑክሱን የት እንደሚፈልገው ይጠፋዋል። አዲስ ባትሪ ከተን፣ ሲነሳ ኤፍ2 ተጭነን የማስነሻውን ዓይነት ከ«ሌጋሲ» (ከአሮጌው አነሳስ) ወደ «ዩኢኤፍአይ» (ወደ አዲሱ) መለስነው። ሚንት ተነሳ። የልጅ ልጆቻቸው ፎቶም፣ ለዓመታት ያዘጋጁት የፈተና ጥያቄም በቦታው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ከ9,500 ብሩ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ወረቀቱ ላይ በመጨረሻ የተጻፈችው «ፎርማት» የምትል ቃል ናት። ብር ይተካል። ደህና የሆነ ዲስክ «ሞቷል» ተብሎ ሲደመሰስ፣ ወይም ወጥቶ እዚያው ሲቀር፣ ያ ሁሉ ሥራ ጠፋ ማለት ነው። የወጣው ዲስክ ደግሞ ነገ ለሌላ ሰው ይሸጥ ይሆናል፣ ፎቶውም አብሮ።

የላይሰንሱን ነገር ላብራራው፣ ምክንያቱም ውሸቱ ትንሽ እውነት ተቀብቷል። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ከጀመረው ጀምሮ ኮዱ ክፍት ነው፤ የሚሰራጭበት ፈቃድ መቅዳትንም፣ ለሌላ መስጠትንም፣ መለወጥንም ይፈቅዳል። አንድ ባለሙያ ለድካሙ «መጫኛ» ብሎ ቢያስከፍላችሁ ሕጋዊ ነው፣ ተገቢም ነው። «ማደሻ» ግን ማንም የማይሸጠው ነገር ነው። ለድርጅቶች በዓመት እየታደሰ የሚሸጥ ሊኑክስ አለ፤ ሬድ ሃት አንዱ ነው፤ ቤታችሁ ያለው ግን እሱ አይደለም። ኡቡንቱ ፕሮ የሚባለው ተጨማሪ አገልግሎት እንኳ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ኮምፒውተር ድረስ በነጻ ነው።

ጊዜው የሚያልፈው ላይሰንሱ ሳይሆን የማሻሻያ ድጋፉ ነው። ለምሳሌ ኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2025 አብቅቷል፤ ሚንት 22 እስከ 2029 ይቀጥላል። ድጋፉ ያበቃበት ኮምፒውተር አይቆለፍም፣ መሥራቱንም አያቆምም። ወደሚቀጥለው ስሪት ማሳደግ ብቻ ነው፣ እሱም ከኢንተርኔት ወጪ በቀር በነጻ። ስክሪን ላይ «ድጋፉ አብቅቷል» የሚል ማሳሰቢያ ያየ ሰው ግን ጥገና ቤት ሄዶ «ላይሰንስ» ሲሉት ያምናል።

አሁን መከላከያውን ልንገራችሁ። አንድ ፍላሽ ይኑራችሁ፤ 8 ጊጋ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ደህና እያለ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን ከድረገጹ አውርዱና በ«ባሌና ኤቸር» ወይም ሚንት ውስጥ ባለው «ዩኤስቢ ኢሜጅ ራይተር» ጻፉበት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ባዶ ተጠቀሙ። ኮምፒውተሩ እምቢ ባለ ቀን ፍላሹን ሰክታችሁ ደል ከሆነ ኤፍ12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 እየተጫናችሁ አስነሱትና ፍላሹን ምረጡ። ሊኑክሱ ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል። (ዴስክቶፑ ላይ ያለችውን «ኢንስቶል» የምትል ምልክት እንዳትነኳት፣ አደራ።)

እንግዲህ እዚያው ፈርዱ። ከፍላሽ ተነስቶ ስክሪኑ፣ ድምፁ፣ ዋይፋዩ ከሠራ «ማዘርቦርድ ተቃጥሏል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ቀጥሎ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ የራሳችሁን ሃርድ ዲስክ ምረጡና «ስማርት ዳታ» የሚለውን እዩ። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና የተበላሹ ሴክተሮች (ዳታ የሚጻፍባቸው የዲስኩ ጥቃቅን ክፍሎች) እንዳሉት ይነግራችኋል። ይህቺው ገጽ ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዙም ትጠቅማለች፤ «አዲስ ዲስክ ነው» የተባለ ዕቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ሲያሳይ ሻጩን ፊት ለፊት ጠይቁት። ከዚያ ፋይል ማኔጀሩን ከፍታችሁ የራሳችሁን ፋይሎች ወደ ውጫዊ ዲስክ ቅዱ። ከዚህ በፊት ለማንም ጠጋኝ አትስጡ።

ሌሎችም ለማስከፈል የሚመቹ ችግሮች አሉ። ማሻሻያ ከተጫነ በኋላ ስክሪኑ ከጠቆረና የግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ ከሆነ «ካርዱ ተቃጥሏል» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አዲሱ ከርነልና ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ሳይስማሙ ቀርተው ነው። ሲነሳ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ፣ ከተነሳ ካርዱ ደህና ነው። የይለፍ ቃል አስገብታችሁ መልሶ እዚያው የይለፍ ቃል መጠየቂያው ላይ ቢጥላችሁ አንዱ ምክንያት ዲስኩ መሙላቱ ነው፤ ሚንት ላይ ተጠርጣሪው ታይምሺፍት የተባለው የሲስተም መጠባበቂያ ፕሮግራም ያጠራቀማቸው ቅጂዎች ናቸው። እዚያው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሪከቨሪ ሞድ» አለ፣ በውስጡም ቦታ የሚያስለቅቅ «ክሊን» የሚል ምርጫ። ትልቅ ዲስክ ግዙ ከመባላችሁ በፊት ሞክሩት።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላይ የጫናችሁ ደግሞ ሰዓታችሁ ልክ 3 ሰዓት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲል ባትሪ አትግዙ። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ላይ ዓለም አቀፉን ሰዓት ይጽፋል፣ ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አገር ሰዓት ያነበዋል፣ እኛ ደግሞ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። (ከሀበሻ ሰዓት አቆጣጠር ጋር አታምታቱት፣ እሱ ስድስት ነው።) ሊኑክሱም የአገር ሰዓት እንዲጽፍ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይስተካከላል።

የአማርኛ ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኖ ለሚታያችሁም «የአማርኛ ሶፍትዌር» ብላችሁ አትግዙ። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ» ፎንት ከሶፍትዌር ማከማቻው በነጻ ይገኛል፤ መጻፊያው «አይባስ» በሚባለው የኪቦርድ ቋንቋ መጨመሪያ ፕሮግራም በኩል ይጨመራል።

የግድ ጥገና ቤት መሄድ ካለባችሁ ሳታስረክቡ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ የራሙንና የዲስኩን ጽሑፍ ከነሴሪያል ቁጥሩ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ፎቶውንም ለጠጋኙ አሳዩት። ማሳየቱ ብቻውን ብዙ ነገር ያስቀራል። ወረቀቱ ላይ «ያለባለቤቱ ፈቃድ ፎርማት አይደረግም፣ የተቀየረ ዕቃ ይመለሳል» ብሎ እንዲጽፍና እንዲፈርም ጠይቁ። ደረሰኝ ያለው ቤት ምረጡ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ይዞ ለመከራከርም የሚያዘው ደረሰኝ ነው፤ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዛችሁ ብትሄዱ የሚሰማችሁ የለም።

ዲስኩ በእውነት የሚሞትበት ጊዜም አለ። ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም «ዲስክስ» ላይ የተበላሹ ሴክተሮች ቁጥር በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ፣ ደጋግማችሁ አታስነሱት፤ ባስነሳችሁት ቁጥር ይብስበታል። የሚያስፈልጋችሁን ፋይል ቶሎ ቅዱ። አልቀዳ ካለ አጥፉትና ዳታ ማውጣት ለሚችል ሰው ስጡት። ለዚያ ሥራ ብትከፍሉ አልቃወምም፣ ሲጀመር ግን «ላይሰንስ» ያላችሁ ሰው አይሁን።